የልብስ ሰፊው ሶርሳ ተራ

ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኝና «ያ ሞክሼህ ልብስ ሰፊው የት ገባ?» ይለኛል። ሱሪ የጠበበው፣ የልጁ ምረቃ የደረሰበት፣ ለመዘምራን ልብስ ሊያሰፋ የፈለገ ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። «ሀዋሳ ሄደ» እላለሁ። «ሶዶ ምን ጎደለበት?» ሲሉኝ «እንጃ» ብዬ አልፋለሁ። እንጃ ማለት ለእኔ አያምርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬአለሁ፤ ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ያወጣሁት ፈተና ቢሰበሰብ አንድ ጆንያ ይሞላል። የማውቀውን አላውቅም ስል ራሴን እታዘበዋለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እስቲ ዛሬ እንኳ ከሥሩ ልጀምረው።

በሶዶና በአካባቢዋ ሶርሳ ከሚባሉት መካከል ስማቸው ከሰፈር ያለፈ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሐኪሙ ሶርሳ ነው፤ ቀዶ ጥገና ይሠራል፣ ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር በስሙ እየጠየቁ ይመጡበታል። ሁለተኛው ዳኛው ሶርሳ፣ ችሎት ላይ ሲያስል እንኳ ጠበቆች የሚደነግጡለት ሰው። ሦስተኛው የአረካው ሶርሳ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የእንሰት በሽታ ሲያጠና የኖረ፣ ስለ እንሰት ከተነሳ ምሳው የሚቀዘቅዝበት። እኔን መምህሩን አራተኛ ብታደርጉኝ አልቀየምም፤ የትኛውም ቢሮ ብገባ ያላስተማርኩት ጸሐፊ የለም። አምስተኛው ልብስ ሰፊው ሶርሳ ዳልጮ ነው። እሱ የታወቀ ሰው አልነበረም። የታወቀው መቀሱ ነው።

ያገናኘንም ልብስ ሰፊው ነው፣ ያውም በስህተቱ። ልብስ ሲያልቅለት ብጣሽ ወረቀት ላይ የባለቤቱን ስም ጽፎ በመርፌ ቁልፍ ያያይዛል። የአባት ስም አይጽፍም። አንድ ዓመት ለጊፋታ፣ ለእኛ ለወላይታዎች አዲስ ዓመት በዓል ማለቴ ነው፣ አራታችንም ሳንተዋወቅ ልብስ አዘዝን፤ አራት ጥቅል ላይ ሶርሳ፣ ሶርሳ፣ ሶርሳ፣ ሶርሳ ተብሎ ተጻፈ። ሐኪሙ ቁመቱ የስልክ እንጨት ነው፤ ዳኛው አጭርና ወፍራም። ዳኛው ቤቱ ገብቶ ሱሪውን ቢለብስ ግማሹ መሬት ይጠርጋል። ተናዶ ሲመለስ ሐኪሙ ሱቁ ውስጥ እንደ ቁምጣ የሆነበትን ሱሪ ይዞ ቆሟል። እኔም የአረካውን ኮት ይዤ ከኋላቸው ደረስኩ። የአረካውም ከእኔ በኋላ መጣ። ልብስ ሰፊው አንድ በአንድ አየንና «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔም ስሜ ሶርሳ ነው» አለ።

ሳቅን። ዳኛው ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ወላይታ ሲደርስ ስም አልቆበት ነበር ማለት ነው» አለ። ከዚያች ሱቅ ሳንወጣ ማኅበር መሠረትን። ሐሳቡን ያመጣው ልብስ ሰፊው ነው። በየዓመቱ ከጊፋታ በኋላ ባለው ቅዳሜ አንዱ ሌሎቹን ቤቱ ጠርቶ ያበላል። ሕጉ አንድ ነው፦ ዶክተር፣ ክቡር ዳኛ፣ ቲቸር ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም ሞክሼ ነው፣ ሁሉም አንተ ነው። ማዕረግ የጠራ ቆሞ መዝሙር ይዘምራል። ዕጣ ስናወጣ ለሐኪሙ አንድ፣ ለዳኛው ሁለት፣ ለአረካው ሦስት፣ ለእኔ አራት ደረሰን። ልብስ ሰፊው አምስተኛ ሆነ።

ስለ ልብስ ሰፊው ብዙ የምናውቅ ይመስለን ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ከሁምቦ በኩል ሶዶ እንደመጣ፣ ጋሽ ለማ የሚባሉ ሽማግሌ በረንዳቸው ላይ ካውያ እንዲተኩስ አድርገው ቀስ በቀስ ሙያውን እንዳስተማሩት፣ ሲሞቱም የስፌት መኪናቸውን ለእሱ እንደተናዘዙለት ያውቅ የነበረው ገበያው ሁሉ ነው። የዳኛውን ካባ የሰፋው እሱ ነው። የሐኪሙን ልጆች የምረቃ ልብስ የሰፋው እሱ ነው። እኔ ሽማግሌ ሆኜ በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት ስልሳ ሰዎች የለበሱት የእሱን እጅ ሥራ ነው። ትንሽ ይናገራል። ሰው ሲቆጣው «እናስተካክለዋለን» ይላል እንጂ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ስለ እናቱ ሲጠየቅ «ገበያ ትውላለች» ይላል። ምን እንደምትሸጥ አልጠየቅነውም፣ እሱም አልዋሸንም።

በአራተኛው ዓመት በእኔ ቤት፣ ባለቤቴ ፋንታዬ ሥጋውንም ዳጣውንም አቅርባ ስንበላ ልብስ ሰፊው ስለ ስሙ አወራን። እናቱ እሱን በሆዷ ይዛ ገበያ ስትመላለስ የአንድ ባለጸጋ ደጅ ላይ ጉንጩ የሞላ፣ ንጹሕ የለበሰ ሕፃን ታያለች። ስሙን ብትጠይቅ ሶርሳ አሏት። ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ሞተውባታል። ይህኛው ስሙ እንኳ ደህና ቤት ይደር ብላ ሶርሳ አለችው። ይህን ነግሮን ሲያበቃ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ለእያንዳንዳችን አጎረሰን። እኔም አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። ጎበዝ ሞክሼ ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የእሱ ነው።

ሐምሌ ላይ እናቱ ሞተች። በሐኪሙ መኪና አራታችንም ለቅሶ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን መንገዱ ሁለት ሲሆንብን ጋሪ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አስቆምንና ጠየቅናቸው።

«የማን ለቅሶ?» አሉ።

«የሶርሳ ዳልጮ እናት። ሶዶ ልብስ ሰፊ የሆነው።»

ሽማግሌው መኪናዋን አዩ፣ የእኛን ኮት አዩ። «እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። እዚያ ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው እኮ። የእሱ እናት ሸክላ ትሠራ ነበር። መንገድ ጠፍቶባችሁ እንዳይሆን።»

ዳኛው መስኮቱን ዘጋው።

ይህን ነገር የማያውቅ አንባቢ ካለ በግልጽ ልንገረው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ድስቱን ይሸጥልናል፣ እኛም በድስቱ ወጥ እንሠራለን፤ ግን ከቤቱ አንበላም፣ ልጁን አናገባም፣ አብረን አንቀበርም ነበር። ነበር የምለው በሕግ ቀርቷል ስለተባለ ነው። ቤተ ክርስቲያንም አውግዞታል፤ እኔ ራሴ ቆሜ ሰብኬበታለሁ። ልጅ ሳለሁ ሸክላ የምትሸጥ ሴት ደጃችን ስትመጣ እናቴ ከአጥር ውጭ ታስቆማት ነበር። ውሃ ከጠማት በኮባ ቅጠል ላይ ይፈስላታል፣ ከጠጣች በኋላ ቅጠሉ ይጣላል። ጣሳችን እንዳይነካ ነው። ያው ውሃ የተቀዳው እሷ ከሠራችው እንስራ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ማንም አልሳቀበትም። እኔ በዚህ ነገር አላምንም፣ ጠይቁኝና ጥቅስ እየጠቀስኩ እከራከራለሁ። እጄ ግን የእናቴ ልጅ ነው።

ለቅሶው ቤት ግቢ ውስጥ ገና ያልተተኮሱ ማሰሮዎች በኮባ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ከላይኛው መንደር የመጡ ጥቂት ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው፣ አይተውን፣ ሄዱ። ልብስ ሰፊው ሶርሳ ከሩቅ ሲያየን ተነስቶ ሮጠ። አንድ በአንድ አቅፎን አለቀሰ። «መጣችሁልኝ» ይላል፣ «እናቴ፣ ሞክሼዎቼ መጡልሽ» ይላል። እኔም አለቀስኩ፣ እውነተኛ እንባ ነበር፤ የአዞ እንባ ነው ብትሉኝ እንኳ አልስማማም። እንባ የሚመጣበትና እጅ የሚታዘዝበት ቦታ ይለያያል።

ንፍሮ ሲዞር ትሪውን ይዛ የመጣችው ባለቤቱ ብርቄ ነች። ሐኪሙ እጄ ንጹሕ አይደለም አለ። የአረካው ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ተነሳ። ዳኛው ዘገነና ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ያን ኪስ ሶርሳ ነው የሰፋው። እኔ ዘግኜ ጨበጥኩት። ከዚያ ጣቶቼን ላላ አደርግና ከአግዳሚው በታች አንድ ፍሬ፣ ቆይቼ ደግሞ አንድ ፍሬ እጥላለሁ። ቀና ስል ብርቄ ትሪዋን ይዛ ቆማ እጄን ታያለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ሶዶ ልንገባ ስንል ዳኛው «ሊነግረን ይገባ ነበር» አለ። ሐኪሙ መሪውን እንደያዘ «ምኑን?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ባለፈው ጊፋታ የጎረስኩት ጉርሻ ትዝ ብሎኝ አፌን በመሐረብ ጠረግሁ። ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጉርሻ! ራሴን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው፤ መሐረቡን ግን ወዲያው አላነሳሁትም።

መስከረም ሲገባ ሦስቱ ተማክረው እኔን ላኩኝ። መምህር ስለሆንክ ቃል ታሳምራለህ አሉኝ። ሱቁ ስገባ የሆነ ጃኬት እየተኮሰ ነበር። «ሞክሼ» አልኩት፣ «ሐዘን ላይ ነህ። ተራህን ለከርሞ እናሳልፈው ብለን አሰብን። አንተን ለማሳረፍ ነው።»

ካውያውን አቆመ። ጃኬቱን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«አንድ ነገር ልንገርህ ሞክሼ» አለኝ። «እናቴ በሄድኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። እነዚያ ትላልቅ ሰዎች ቤትህ መጥተው በሉ ወይ ትለኛለች። ተራዬ አልደረሰም እላታለሁ። አራት ዓመት ይህንን ስላት ኖርኩ። በመጨረሻ ታማ ተኝታ ሳለችም ይህንኑ ጠየቀችኝ። አሁን ተራዬ ደርሷል፤ አላሳልፈውም።» ጃኬቱን አጣጥፎ አስቀመጠና «የሰማችሁትን ሰምታችኋል፤ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ቀን መጥታችሁ እንድትበሉ ብቻ ነው። ትመጣላችሁ?» አለኝ።

«እንመጣለን» አልኩ። ምን ልበል? ዓይኖቹ ዓይኔ ውስጥ ነበሩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ቅዳሜው ደረሰ። ጠዋት ሦስቱም ደወሉልኝ፣ ተመካክረው ሳይሆን ለየብቻቸው። ሐኪሙ ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ገጥሞኛል አለ። ዳኛው አዲስ አበባ ስብሰባ አለኝ አለ። የአረካው ጾም ጸሎት ይዣለሁ አለ። እኔም ከአልጋዬ አልነሳም ብዬ አሰብኩ። ፋንታዬ መጋረጃውን ከፈተችና «ቃል ሰጥተህ መጥተህ የለም እንዴ? ቢያንስ ደርሰህ ና» አለችኝ። እሷም ብትሆን «ብላ» አላለችኝም፤ «ደርሰህ ና» ነው ያለችው። ከተጋቡ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሰዎች እንዲህ ናቸው፣ ያልተባለውንም ይሰሙታል።

የሄድኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው፤ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ሆን ብዬ ቆይቼ። ቤቱ ሁለት ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ በአዲስ ቀለም ተቀብቷል። ዙሪያዬን አየሁ። አንድ ሸክላ የለም። ጀበና የለም፣ ድስት የለም። ሻይ እንኳ በቴርሞስ ነው የቀረበው፣ በፋብሪካ ብርጭቆ። የእናቱ እጅ የሠራው ነገር ሁሉ ከቤቱ ወጥቷል። ለእኛ ሲል ነው ያወጣው።

አራት ወንበሮች በመደዳ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ መደገፊያ ላይ አንድ አንድ የዱንጉዛ ሸሚዝ ተሰቅሏል። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው የባህል ልብሳችን ነው። ለአራታችን ሰፍቶ ነበር። ልካችን ደብተሩ ላይ ስላለ መለካት አላስፈለገውም። የዳኛው ሰፊ፣ የሐኪሙ ረጅም፤ ሳይነግረኝ የማን የማን እንደሆነ አወቅሁ።

«ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ገብቷል» አለኝ። «ዳኛው አዲስ አበባ ነው። የአረካው ጾም ላይ ነው። ሁሉም ደውለውልኛል፤ አልረሱኝም።» የእኔን ሸሚዝ አንስቶ ያዘልኝ። ለበስኩት። ትከሻዬ ላይ ልክክ አለ። አየኝና ኮሌታዬን አስተካከለልኝ፣ «ያምርብሃል ሞክሼ» አለኝ። የእሱን ልብስ ስለብስ እጄ አልተቃወመም። በለበስኩ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ብርቄ ትሪውን አመጣች፤ በፎይል ተሸፍኗል። ሳትገልጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች።

እኔ ስመጣ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ሰበብ አንድ ነው። ያው ሰበብ በአረካው ሶርሳ መወሰዱን ባውቅም ሌላ ስላልነበረኝ እሱኑ አወጣሁት። «ሞክሼ፣ ይቅርታ፣ እኔም ጾም ጸሎት ይዣለሁ። ልይህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሶርሳ ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ አለና የፎይሉን ጠርዝ ገለጥ አደረገ። የተጠበሰ ሥጋ ነበር፣ በትልቅ የብረት ትሪ ላይ፣ በትሪው ጠርዝ ላይ ከመናኸሪያው በላይ ያለው ሆቴል ስም ተጽፎበታል።

«ስለ ጾሙ አልከራከርህም» አለኝ። «ግን አንድ ነገር እወቅልኝ። ምግቡ ከሆቴል ነው። ትናንት አዘዝኩ፣ ዛሬ በባጃጅ አስመጣሁት። ትሪውም የእነሱ ነው፣ ማንኪያውም የእነሱ ነው። የብርቄ እጅ አልነካውም። የእኔም እጅ አልነካውም።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደንበኛ እጅጌው ረዘመብኝ ሲለው «እናስተካክለዋለን» የሚልበት ድምፅ ነው።

እኔም «እውነት?» አልኩ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ! እውነት ብዬ ብቻ አልቀረሁም። ከጠዋት ጀምሮ በጭንቀት ምንም አልቀመስኩም ነበር፤ ሥጋው ይሸታል፤ እጄ ሳላዘው ከጉልበቴ ተነስቶ ወደ ትሪው ሄደ። ብርቄ አየችው። ያንኑ እጅ ሐምሌ ላይም አይታዋለች። ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቲቸር፣ ጾምዎን አይግደፉ» አለችኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ተነስቼ ልውጣ ስል ሶርሳ ትከሻዬን ያዘኝ፤ በለበስኩት ሸሚዝ ላይ መዳፉ ይሰማኛል።

«ተይው ብርቄ» አላት። «ይብላ። ቤቴ መጥቶ እንዲበላ ነው የፈለግሁት።»

እሷ ትሪውን ለቃ ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ሶርሳ ትሪውን መልሶ ፊቴ አስጠጋውና አጠገቤ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ። እኔም በላሁ። መጀመሪያ በሀፍረት፣ ኋላ ደግሞ በረሃብ በላሁ። ሥጋው ለአምስት ሰው የሚበቃ ነበር። ሶርሳ ከማለዳ ጀምሮ እኛን ሲጠብቅ እህል እንዳልቀመሰ የደረቀው ከንፈሩ ይናገራል። ዓይኑ አንዴ ትሪው ላይ፣ አንዴ እኔ ላይ ነው። በአገራችን መንገደኛ እንኳ አውቶቡስ ውስጥ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት አጠገቡ ለተቀመጠ ለማያውቀው ሰው «እንብላ» ይላል። እኔ ጠግቤ እጄን እስክታጠብ ድረስ ሶርሳን እንብላ አላልኩትም።